«ሪራን አድርገው» የሚሉት በሽታ

እኛ ሶፍትዌር ሠርተን የምንበላ ሰዎች አንድ የጋራ በሽታ አለብን። ስሙ «ሪራን አድርገው» ይባላል። ምልክቱ ቀላል ነው። አንድ ፍተሻ ይወድቃል፤ አንዱ ባለሙያ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ለምን እንደወደቀ ሳያነብ፣ «ኧረ እሱ ልማዱ ነው፣ ሪራን አድርገው» ይላል። ቁልፉ ይጫናል፣ ቡና ይጠጣል፣ ሲመለሱ አረንጓዴ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ሥራው ወደ ደንበኛ ይሄዳል። እኔም ይሄን ቃል ለዓመታት ስናገር ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምወረውረው ድንጋይ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው ራሴ ላይ ነው።

ለሙያው እንግዳ ለሆነ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ደህና የሶፍትዌር ቡድን አዲስ ኮድ በጻፈ ቁጥር ሁሉንም ነገር በእጁ እየነካካ አይሞክርም። ኮድን የሚፈትሽ ሌላ ኮድ ይጽፋል፤ «አንድ ኩንታል ብመዘግብ አንድ ኩንታል ይመዘገባል ወይ?» እያለ የሚጠይቅ። እንዲህ ያለው ፍተሻ መቶ፣ ሺህ እየሆነ ይከማቻል፤ በየለውጡ ማሽኑ ሁሉንም ያስኬዳቸዋል። ሁሉም ካለፉ አረንጓዴ፣ አንዱ ከወደቀ ቀይ። ቀይ የሆነ ሥራ ከበር አይወጣም፤ ሕጉ ይሄ ነው። ችግር የሚመጣው ከፍተሻዎቹ መሃል ጸባዩ የማይጨበጥ ሲገኝ ነው። ኮዱ ያው፣ ፍተሻው ያው፤ ግን ጠዋት ያልፋል፣ ከሰዓት ይወድቃል፣ ማታ ደግሞ ያልፋል። የሙያው ሰዎች «ፍሌኪ ቴስት» ይሉታል። እኔ ወላዋይ ፍተሻ እለዋለሁ፤ ወላዋይ ሰው ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለንና።

አንድ ምስክር ሽማግሌ ፊት ቀርቦ «ድንበሩ ከግራሩ ወዲህ ነው» አለ እንበል። በነጋታው «ከግራሩ ወዲያ ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ምን ያደርጋሉ? ወይ ቃሉን ለምን እንደለወጠ ይመረምራሉ፤ ፈርቶ ነው? ተገዝቶ ነው? ወይስ የቆመበት ቦታ ግራሩን አያሳየውም? አለዚያ ምስክርነቱን ይጥሉታል። የሚፈልገውን እስኪሰማ ድረስ ሦስት ጊዜ ጠይቆ፣ የሰማ ዕለት መዝገቡን ዘግቶ «ምስክር አለኝ» የሚል ሰው ግን ሽማግሌ አይባልም፤ የባለጉዳዩ ዘመድ ነው። እኛ በየቀኑ የምናደርገው ይሄንኑ ነው።

ሂሳቡም ያሳፍራል። ኮዱ ውስጥ እውነተኛ ስህተት አለ እንበል፤ ፍተሻው ከሃያ አንዴ ይይዘዋል። ማሽኑን «ከወደቀ እስከ ሦስት ጊዜ ሞክር፣ አንዴ ካለፈ አልፏል» ብለን እናዘዋለን። በብዙ ቡድኖች ይሄ ትእዛዝ አንድ መስመር ነው፤ ማን እንደጻፈው እንኳ የሚያስታውስ የለም። ከእንግዲህ ቀይ የሚሆነው ሦስቱም ሙከራ ተከታትሎ ሲወድቅ ብቻ ነው፤ ሃያ ጊዜ ሃያ ጊዜ ሃያ፣ ከ8,000 አንዴ። ስህተቱ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የተቀነሰው የእኛ ዓይን ነው።

ይሄን ሁሉ የምለው ቁጥር ስለምወድ አይደለም። መካነ ሰላም ሄጄ ስላየሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ የምሠራበት ድርጅት ለገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የማዳበሪያ ስርጭት መመዝገቢያ የስልክ መተግበሪያ ሠራ። ገበሬው ይመጣል፤ የማኅበሩ ሠራተኛ ስሙን ፈልጋ፣ የወሰደውን ኩንታል ሞልታ «ላክ» ትላለች። መረጃው አዲስ አበባ ወዳለው ሰርቨር ይሄዳል፤ ሰርቨሩ «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። ስልኩ በ5 ሴኮንድ ውስጥ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካልሰማ ያልደረሰ መስሎት እንደገና ይልካል። ከፍተሻዎቻችን አንዱ የሚጠይቀው ይሄን ነበር፤ አንድ ምዝገባ ተልኮ ሰርቨሩ ላይ አንድ ምዝገባ ይገኛል ወይ? ብዙ ጊዜ አንድ ይገኛል። አንዳንዴ ሁለት።

«አንዳንዴ ሁለት» የሚለውን ስንሰማ መንቃት ነበረብን። አልነቃንም። «የፍተሻ ማሽኑ ሲጨናነቅ ነው» አልን፤ እውነትም ነበር፤ የሚወድቀው ማሽኑ ተጨናንቆ መልሱ ሲዘገይ ነው። ስለዚህ 5 ሴኮንዱን፣ ፍተሻው ውስጥ ብቻ፣ 60 አደረግነው። የሦስት ጊዜ ሙከራም ደረብንበት። አረንጓዴ ሆነ። «አደረግነው» ስል ማን መሰላችሁ? እኔ ነኝ። ለውጡን ያጸደቀልኝ አለቃዬም «ጎበዝ» ብሎኛል።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሥራው እንዴት እየሄደ እንደሆነ እንዳይ ተላክሁ። ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን መንገድ በክረምት የሄደ ያውቀዋል፤ ደጋው ላይ ጉም ሲወርድ ከፊትህ ያለው መኪና መብራቱ እንኳ አይታይህም፤ ስልክህ ላይ ያለው የኔትወርክ ምልክት ደግሞ አንዴ ሙሉ፣ አንዴ ባዶ ነው። የቦረና ወረዳ መሬት ወደ አባይ እየወረደ ይሄዳል፤ አንዱ ቀበሌ ጋራ ጫፍ፣ አንዱ ገደል ሥር ነው። ጋራ ኔትወርክን አያሳልፍም፤ ይሄ የማንም ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ እዚያ ለሚውል መተግበሪያ፣ ጋራ የሌለበትን ዓለም አስበን የጻፍነው የእኛ ነው።

አንድ መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሠራተኛዋ «ላክ» ትላለች፤ ስክሪኑ ላይ ክቡ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። አሥር ሴኮንድ፣ ሃያ፣ አርባ። እኛ ቢሮ ከሃያ አንዴ የሚገጥመን መዘግየት እዚህ የሁልጊዜ ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ያረጠበው ጋቢ የለበሱ አዛውንት ዩሪያ ሊወስዱ መጡ። ስልኩ «ድርሻቸውን ጨርሰዋል» አለ። ድርሻቸው ሁለት ኩንታል ነው፤ አንድ ለዘር ጊዜ ኤንፒኤስ፣ አንድ ደግሞ ዩሪያ። ኤንፒኤሱን በሰኔ ወስደዋል። መዝገቡ ላይ ግን ሁለት ጊዜ ወስደዋል፤ በ7 ሴኮንድ ልዩነት።

«አያ፣ ስልኩ ሁለቱንም ወስደዋል ይላል» አለቻቸው።

«ስልኩ ቤቴ መጥቶ አይቷል?» አሉ።

መልስ አልነበረኝም። የሰባት ሴኮንዷን ልዩነት ሳያት ግን ጆሮዬ ጋለ። ያ ፍተሻ ነው። ለወራት አዲስ አበባ ላይ ሆኖ «መልሱ ከዘገየ ሁለት ጊዜ ትመዘግባላችሁ» እያለ ሲነግረን የነበረው ይሄንኑ ነው፤ እኛ ደግሞ በ60 ሴኮንድ አፉን ሸበብነው። ፍተሻው ወላዋይ አልነበረም። ወላዋዩ ኮዳችን ነው፤ ፍተሻው የሚያየውን ነበር የሚናገረው።

ሠራተኛዋ ከጠረጴዛው ሥር የተጣጠፈ ደብተር አወጣች። «ወላሂ እኔስ መጀመሪያውንም አላመንኩትም ወንድሜ፤ ስልኩም ላይ እሞላለሁ፣ እዚህም እጽፋለሁ» አለችኝ። ደብተሩ ላይ አዛውንቱ አንድ ጊዜ ብቻ አሉ፣ ከነጣት አሻራቸው። ዩሪያቸውን በደብተሩ ወሰዱ። እኔና እሷ ደብተሩን ከስልኩ ጋር እያስተያየን የተደገመውን ስንለቅም መሸ። እንቅልፍ የነሳኝ ግን የእሷ መጋዘን አይደለም። በስልጠናው ላይ «ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ» ብለን ያሠለጠንናቸው፣ ቃላችንንም አምነው ደብተራቸውን የጣሉ ሌሎች ማኅበራት አሉ። እዚያ ተመልሶ የሄደ ገበሬ በምን ይሟገታል? በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የማዳበሪያ እጥረት ገበሬውን ምን ያህል እንዳስጮኸው ያየ ሰው፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ለአንድ ቤት ምን ማለት እንደሆነ አይጠይቀኝም።

አገራችን የሶፍትዌር ስህተትን ዋጋ በአደባባይ ያየችው መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት ነው፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ከሌለ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ያደሩበት። ባንኩ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደበት ተናግሯል። ያ ስህተት ግን በጩኸት መጣ፤ ሲነጋ አገር ሁሉ አወቀው፣ ባንኩም ገንዘቡን ለማስመለስ ተነሳ። የእኛዋ የሰባት ሴኮንድ ስህተት ጩኸት የላትም። አንድ ገበሬ ቂም ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ አለቀ። ማንም መግለጫ አያወጣም።

እንዲህ ስል ባልደረቦቼ «አጋነንከው» ይሉኛል። ላጋንን እንጂ። ቴራክ-25 የሚባል የካንሰር ሕሙማንን በጨረር የሚያክም ማሽን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 በአሜሪካና በካናዳ ስድስት ሰዎች ከመጠን በላይ ጨረር ተረጨባቸው፤ የሞቱም አሉ። በ1986 በመጋቢት ወር ቴክሳስ፣ ታይለር ከተማ አንድ ሕመምተኛ ሲቃጠል ማሽኑ «ማልፋንክሽን 54» የሚል ጽሑፍ አሳየ። የአምራቹ መሐንዲሶች መጥተው ሞከሩት፤ ለእነሱ ደህና ሠራላቸው። ማሽኑ ወደ ሥራ ተመለሰ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ በዚያው ሆስፒታል ሌላ ሰው ተቃጠለ። እንቆቅልሹን የፈቱት የሆስፒታሉ ፊዚሲስትና ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ባለሙያ ናቸው። ስህተቱ የሚነሳው ትእዛዙ ከገባ በኋላ በ8 ሴኮንድ ውስጥ ከታረመ ብቻ ነበር። እሷ ሥራዋን የለመደች ስለሆነች እጇ ፈጣን ነው፤ መሐንዲሶቹ ቀስ እያሉ ስለሚጫኑ ስምንቷ ሴኮንድ ታልፋቸዋለች። «እኛ ጋ ይሠራል» አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ እነሱ ጋ ይሠራል። ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ብለነው ይሆን?

የተቃዋሚዎቼን ነገር ግን በቅንነት ላቅርብ፤ ሞኞች አይደሉም። አንደኛ፣ ብዙው መወላወል የሚመጣው ከፍተሻው ራሱ ነው ይላሉ። ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ51 የአፓቺ ፕሮጀክቶች ወላዋይ ፍተሻን ለማስተካከል የተደረጉ 201 ለውጦችን መርምረው ነበር። ትልቁ ምክንያት፣ 45 በመቶ ገደማ፣ ፍተሻው መልስ በአግባቡ ሳይጠብቅ መፍረዱ ነው። ቀጥሎ አንድ ላይ የሚሮጡ ሥራዎች እርስ በርስ መደነቃቀፋቸው፤ ከዚያ አንዱ ፍተሻ ሳያጸዳ የተወውን ሌላው መውረሱ፤ ጀበና ሳያጥብ እንደሚሄድ ጎረቤት። በዚሁ ጥናት ግን ከማስተካከያዎቹ 24 በመቶው የሚፈተሸውን ዋና ኮድ የነኩ ናቸው፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ኮዱ ውስጥ የነበረ እውነተኛ ስህተት ያረሙ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ገደማ ማለት ነው። አራት እንቁላል ሰጥተውህ «አንዱ ግም ነው፣ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም» ቢሉህ ሳትሰብር ወጡ ውስጥ ትጨምራለህ?

ሁለተኛ፣ ጊዜ የለም ይላሉ። ይሄም እውነት ነው። 300 ፍተሻ ያለው ቡድን እያንዳንዱ ከሺህ አምስት ጊዜ ብቻ ቢወላውልበት፣ ሁሉም ባንዴ አረንጓዴ የሚሆንለት ከመቶ 22 ጊዜ ብቻ ነው። ዓርብ ከሰዓት፣ ደንበኛ እየደወለ፣ ሰባ ስምንት ጊዜ ቀይ የሚያይ ሰው ቢሰለች አልፈርድበትም። ግን የሚሰለቸው መጀመሪያ ላይ አንዷን ስላላከመ ነው፤ አሁን ሠላሳ ሆነውበታል።

ሦስተኛ፣ ጉግልን ይጠቅሱብኛል። «ጉግል እንኳ አልቻለውም!» በ2016 እ.ኤ.አ. ከድርጅቱ የወጣ ጽሑፍ እንዳለው ከፍተሻዎቻቸው 16 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በሆነ መጠን ይወላውላሉ፤ ቡድኖቻቸውም ደግመው ያስኬዳሉ። ወገኖቼ የማያነቡት የዚያኑ ጽሑፍ ቀሪ ነው፤ መወላወሉ የበዛበት ፍተሻ በመሣሪያ ተለይቶ ይገለላል፣ ስህተት ተብሎም ይመዘገብለታል። እኛ የወሰድነው ደግሞ ማስኬዱን ብቻ ነው። ከሀብታም ጎረቤት ብድሩን ተምሮ ቁጠባውን እንደተወ ሰው።

ስለ አገራችን የተለየ መወላወል ደግሞ ማንም ፈረንጅ አይጽፍልንም። «ከዛሬ አንድ ወር በኋላ» የሚል ስሌት ያለበት ፍተሻ ዓመቱን ሙሉ ያልፍና ጳጉሜን ላይ ይወድቃል፤ ጻፊው ወር ሁሉ 30 ቀን ነው ብሎ ስላሰበ። ቡድኑ ምን ይላል? «አምስት ቀን ነው፣ ያልፋል።» ሰው በጳጉሜን ጠበል ይጠመቃል፤ የእኛም ፍተሻ አብሮ ሄዶ ተጠምቆ መስከረም 1 ድኖ ይመለሳል። እስከሚቀጥለው ዓመት። ጳጉሜን 6 ላይ ብቻ የሚወድቅ ከሆነማ ሕመሙ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ ነው የሚነሳበት፤ 2015 ላይ ያየው ባለሙያ 2019 ሲመጣ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። ሌላው ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት የሚሠራ ሰርቨር ነው። እኛ በ3 ሰዓት ስለምንቀድመው፣ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት እኛ ነገ ውስጥ ስንገባ እሱ ገና ትናንት ውስጥ ነው። የ«ዛሬ» ፍተሻ በዚያች ሦስት ሰዓት ብቻ ይወድቃል። ሌሊት የሚሠራ ካልሆነ በቀር የሚያያት የለም፤ ሌሊት የሚሠራው ደግሞ እንቅልፉ ስለመጣ ሪራን አድርጎ ይተኛል። ነገር ግን በዚያች ሰዓት የሚወለድ ሕፃን አለ፤ የልደቱ ቀን አንድ ቀን ወደኋላ ሲመዘገብ ይሄ የፍተሻ ጸባይ አይደለም።

እኛ በመጨረሻ ምን አደረግን? የሠራነው ነገር ያን ያህል ረቂቅ አይደለም፤ ሁለት ቀን ፈጀ። ሠራተኛዋ «ላክ» ስትል ስልኩ ለዚያች ምዝገባ አንድ የማይደገም ቁጥር ይሰጣታል። ስልኩ አሥር ጊዜ ቢልካት ሰርቨሩ ቁጥሯን አይቶ «ይቺን አውቃታለሁ፣ ደርሳኛለች» ይላል እንጂ አዲስ አይመዘግብም። ፍተሻውን ደግሞ እንደገና ጻፍነው። ማሽኑ በዕድል እስኪዘገይ መጠበቅ ቀረ፤ እኛው ሆን ብለን መልሱን 40 ሴኮንድ እናዘገየዋለን፣ መሃል ላይ እንቆርጠዋለን፣ ሁለት ጊዜ እንልከዋለን። አሁን ኮዱ ከተበላሸ ከሃያ ሃያውን ይወድቃል፤ ካልተበላሸ ሃያውንም ያልፋል። ለዚህ የፍተሻ ሁኔታ ስም ስጡ ሲባል «መካነ ሰላም» አልነው።

የሦስት ጊዜ ሙከራዋን መስመር ሰርዘናታል። የወላወለ ፍተሻ ከተገኘ የመጀመሪያው ውጤቱ ይጻፋል፣ ኃላፊ ይሰየምለታል፣ ቀን ይቆረጥለታል። እስከዚያ ይገለላል፤ መገለሉም በየሳምንቱ ስብሰባ ስሙ እየተጠራ ነው። ቀኑ ደርሶ ካልዳነ ይሰረዛል፤ ያኔ ቢያንስ እዚህ ቦታ ላይ ዓይን እንደሌለን እናውቃለን። ሰዓትን የሚነካ ፍተሻ ሁሉ የማሽኑን ሰዓት አይጠይቅም፤ ጳጉሜን 6ን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓትን እኛ እንሰጠዋለን። አለቃዬ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሥራ ዘግይቶበታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ተጣልተናል፤ አሁንም ሙሉ በሙሉ አልታረቅንም።

ባለፈው ወር አንድ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ኮድ አስገባ፤ ቀይ ሆነበት። የቡድኑ የመልእክት ገጽ ላይ «መካነ ሰላም የሚባለው ወድቋል፣ ኔትወርክ ይመስለኛል፤ ሪራን ላድርገው?» ብሎ ጻፈ። ሦስት ሰው አውራ ጣቱን ወደ ላይ አደረገለት።

እኔ ደወልኩለት።